ሰላምታ እንጂ ጉዳይ የማያደርሰው ሰርቨር

ጠንቃቃ ሰው አይጸጸትም ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ያለው ሰው ግን ከጠንቃቃ ሰው ጋር አንድ ቢሮ ተጋርቶ እንደማያውቅ እገምታለሁ። እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ከቤት ስወጣ በሬን ቆልፌ አሥር እርምጃ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ መቆለፉን አያለሁ፤ እንደገና ስሄድ ደግሞ «ሳየው ከፍቼው ይሆን እንዴ?» ብዬ ሦስተኛ እመለሳለሁ። ከሚሴ ላይ ያከራዩኝ እናት ደጃቸው ተቀምጠው ይህን ምልልሴን ያያሉ። «ልጄ፣ ላንቺስ ሌባ አያስፈልግሽም፤ በሩን በእጅሽ ፈግፍገሽ ልትጨርሽው ነው» ይሉኛል።

ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። ስሙን ላልጠራው በወሰንኩት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨር እጠብቃለሁ። ሰርቨር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ የሌሎቹን ኮምፒውተሮች ሰነድ ሁሉ የሚይዝ ትልቅ ኮምፒውተር ነው፤ እንደ ቤት ትልቅ ልጅ በሉት። ሁሉም ይጠይቀዋል፣ ሁሉም ያዝዘዋል፣ አንድ ነገር ሲጠፋ ደግሞ የሚወቀሰው እሱ ነው። የተቀመጠባት ክፍል ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። አንዲት መስኮት አላት፤ በእሷም ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው የጨፋ ሜዳ ሙቀት ሳያንኳኳ ይገባል።

አገሬ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ከከሚሴ እስከዚያ ካርታ ላይ ሲያዩት አንድ ስንዝር አይሞላም። በመኪና ግን ሁለት ቀን ነው፤ መንገዱ የከፋ ዕለት ደግሞ ስንት ቀን እንደሚሆን እሱ አንድዬ ያውቃል። እናቴ ብቻዋን ናት። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው የሰው አጥር እየያዘች ነው፤ አጥሩ ካለቀበት ቦታ ስትደርስ ቆማ የሚያልፍ ሰው ትጠብቃለች። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ የምታልፈው ጎረቤታችን ናት።

ስለዚህ ዝውውር እጠይቃለሁ። አራተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማመልከቻዬ ከአንድ ሰውዬ ማመልከቻ ጋር ተጣብቆ ጠፋ፤ ሰውዬው ግን ተዛወረ። በሁለተኛው ዓመት «አንቺ ከሄድሽ ክፍተት ይፈጠራል» ተባልኩ፤ ክፍተት የሚፈጥር ሰው መሆኔን ያኔ አወቅሁ። በሦስተኛው ዓመት ተፈቀደልኝ፤ የምሄድበት መሥሪያ ቤት ግን በዚያው ሳምንት መደቡን አጠፈው። ዘንድሮ መደብ ተገኘ፣ ሁሉም ፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። የቀረው መላክ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ታዲያ መላክ በወረቀት አይደለም። የእያንዳንዱ አመልካች የግል ማኅደር ስካን ተደርጎ በእኛ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኢንተርኔት ወደ ክልል ይሄዳል። መቀበያው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ለከርሞ ነው። አመልካቾቹ አርባ አንድ ነን። አርባ አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ ሰርቨሩን የምጠብቀውም እኔ ነኝ። በዚህ ብቻ ልቤ ሙሉ ነበር። የወፍጮ ቤት ባለቤት እህሉ ሳይፈጭ አያድርም ብዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዘሀራ መጣች። ዘሀራ የሰው ሀብት ባልደረባችን ናት፤ የከሚሴ ተወላጅ፣ አፏ የማይዘጋ፣ ልቧም እንደ አፏ የማይዘጋ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሄዳ፣ ሰው ጠይቃ፣ ምሳ በልታ ትመለሳለች። በዚያ ሰሞን ግን ምሳ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበር። ቢሮው በሙሉ ጾመኛ ነው። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እነሱ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪሰገድ። ሻይ የምታፈላልን ሴት ምድጃዋን አጥፍታ «ምናለ በየተራ ብትጾሙልኝ» እያለች ትውላለች።

«አንቺ እቴ፣ ማል ተኤ? ምን ሆኗል ይሄ ነገርሽ?» አለችኝ ዘሀራ ከበሩ። «አንድ ማኅደር ልልክ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጫለሁ። ወላሂ፣ በእግሬ ባሕር ዳር ይዤው ብሄድ ሐይቅ ከተማን አልፌ ነበር።»

«ኢንተርኔቱ ይሆናል» አልኳት።

«ኢንተርኔቱማ ደህና ነው፤ መካ ለዑምራ የሄዱትን የአክስቴን ፎቶ ሁሉ አየሁበት። ከሰርቨርሽ ፋይሉ አልወጣ ብሎ ነው እንጂ።»

ገብቼ ሰርቨሩን ፈተሽኩት። በእኛ ሙያ አንድ ኮምፒውተር በሕይወት መኖሩን የምናውቀው ከሌላ ኮምፒውተር አጭር ሰላምታ በመላክ ነው። «አለህ ወይ?» እንለዋለን፤ ካለ «አለሁ» ይላል። ላክሁለት። አለሁ አለ። ደገምኩ። አለሁ አለ። መቶ ጊዜ ላክሁለት፤ አንዱንም አላስቀረም፣ እንደ ጨዋ ልጅ መቶውንም መለሰ። አንድ ማኅደር አምጣ ስለው ግን ሁለት ገጽ ሰጥቶ ትንፋሹ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ዘመድ ሁላችሁም አላችሁ፤ ሰላምታው ማር ነው፣ ጉዳይ ሲነሳ አይገኝም።

የኔትወርክ ካርዱን ቆጣሪ ከፍቼ ሳይ ግጭት ሞልቶታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ የሰርቨሩ አፍና ጆሮ ነው። ኬብሉ ሄዶ ግድግዳው ላይ ካለው ስዊች ይገባል፤ ስዊቹ ደግሞ ወሬውን ለየኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ነው። ሰርቨሩ ሲናገር ሌላው ከተናገረበት የሁለቱም ቃል ይበላሻል፤ ሰርቨሩ «ግጭት» ብሎ ይቆጥርና ዝም ብሎ ቆይቶ እንደገና ይጀምራል። አጭር ቃል ሳትጋጭ ታልፋለች፤ ረጅም ቃል መሐሉ ላይ ይገጫል። የእኔ ሰርቨር ዓይኔ እያየ ይቆጥር ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሌላ ሃምሳ ተጨምሯል።

ይህ ካርድ አዲስ ነው። አሮጌው፣ መብራት ሄዶ በተመለሰበት ቀን ተቃጥሎ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው የቀየርኩት። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኬብሉ ሆነ። ለምን ካርዱ እንዳልሆነ አትጠይቁኝ፤ ካርዱን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ኬብሉን የዘረጋው ግን ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው።

ኬብል ለማውጣት ንብረት ክፍል መሄድ ነበረብኝ። ንብረት ክፍል ማለት አያ ሁሴን ናቸው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ነጭ ኮፊያቸውን ከራሳቸው የማያወልቁ፣ አንዲት ብሎን በእጃቸው ስትወጣ ልጅ የሚድሩ ያህል የሚከፋቸው ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ደግሞ ሌላ ችግር አለብኝ፤ ሰላምታችን አይገጥምም። እኔ ባደግሁበት አንዱ «እንደምን አደሩ» ይላል፣ ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ» ይላል፣ ተራ አለው። አያ ሁሴን እጄን ይዘው ወደ ከንፈራቸው እየሳቡ ይጀምራሉ፣ እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት እሳቸው አላቆሙም፣ እኔ አፍሬ ዝም እላለሁ፣ ዝም ስል እሳቸው «ምነው አመመሽ?» ብለው ያቆማሉ፣ «ደህና ነኝ» ስል እንደገና ጀምረዋል። በዚህ ዓይነት ሰላም ለመባባል ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል።

«የዕቃ ማውጫውን፣ ሞዴል ሃያ ሁለትን ሞልተሻል?» አሉኝ ሰላምታው እንደ ምንም ካለቀ በኋላ።

«አያ ሁሴን፣ አምስት ሜትር ኬብል ነው።»

«አምስት ሜትርም ሞዴል አለው፣ ልጄ። እኔ የምሰጥሽ ኬብል አይደለም፤ አንቺ ዘንድ የማኖረው አማና ነው።»

አማና፣ አደራ፣ የሚል ቃል ሲነሳ ክርክር የለም። ሞላሁ። አስፈረምኩ። ኬብሉን ተቀብዬ ጫፉን በገዛ እጄ አሰርኩ። ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ቀለማቸው በቅደም ተከተል መግባት አለበት። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ... ያን ቀን ደጋግሜ ስላልኩት ማታ ውዳሴ ማርያም ልደግም ቆሜ መሐል ላይ «ነጭ ቡናማ» አልኩ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩ።

ማክሰኞ በአዲሱ ኬብል ግጭቱ ባሰበት። ኬብሉ ተሽሎት በፍጥነት ይጋጭ ጀመር።

ረቡዕ ካርዱን ቀየርኩ። ለካርዱ ሌላ ሞዴል፣ ሌላ ፊርማ፣ ሌላ ሰላምታ። አዲሱም ካርድ ያው ነው። እንግዲህ ሁለት ካርድ እኩል አይታመምም። ደሴ የሚኖር በሙያው የማከብረው ሰው ዘንድ ደወልኩ። «አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። መልሼ ደወልኩ። «ቆየት ብለሽ ነው ያበራሽው?» አለኝ። ይህ ሰው ሚስቱ ብትታመምም እንዲሁ የሚላት ይመስለኛል።

ለኃላፊያችን ለአቶ ኡመር ሪፖርት ማቅረብ ግድ ሆነ። «በሰርቨሩ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ ግጭት ተመዝግቧል» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ኡመር አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ይሄ ወረቀት ሌላ ሰው ዘንድ ሄዷል?»

«አልሄደም።»

«ተመስገን። በኛ ዞን በዚህ ቁጥር ግጭት ተብሎ ወረቀት ከወጣ፣ ነገ ማን ማን እንደሚደውልልኝ ታውቂያለሽ? ‘አለመግባባት’ ብለሽ አስተካክይው።»

አስተካከልኩት። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። በአገራችን አንድ ነገር የምር መበላሸቱ የሚታወቀው ኮሚቴ ሲቋቋምለት ነው። አምስት ሰዎች ያቺ የጽዳት ዕቃ ክፍል ውስጥ ተጣበው ቆመው፣ አፋቸው በጾም የደረቀ፣ ሰርቨሩን ለቅሶ እንደመጣ ሰው በዝምታ አዩት። አንዱ «አቧራ አለበት» አለ። ሌላው «ሙቀቱ ነው፤ እኛንስ መች አሠራን» አለ። በመጨረሻ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙ ክፍሎች ሁሉ በተራ እንዲሠሩ ተወሰነ፤ አንዱ ክፍል ሲሠራ ሌላው ኮምፒውተሩን ያጠፋል። ሐሙስ ሙሉውን ቀን መሥሪያ ቤቱ እንደ ደብተራ ቅኔ በተራ ሲቀበል ዋለ። ከአርባ አንዱ ማኅደር ሐሙስ ማታ ድረስ ያለፈ አንድም አልነበረም።

ዘሀራ ያን ቀን ወንበሬ አጠገብ መጥታ ቁጭ አለች። «እኔ ዱዓ አድርጌያለሁ» አለችኝ በዝቅተኛ ድምፅ። «አንቺስ በናንተ በኩል ምን አድርገሻል?»

እውነቱን ልናገር፤ ጸበል በትንሽ ጠርሙስ ይዤ መጥቼ ነበር። ግን ጠንቃቃ ነኝ አላልኳችሁም? ኤሌክትሪክና ውኃ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ የረጨሁት በሩን ነው።

ስነግራት ዘሀራ ሳቋን ለመዋጥ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። «እንግዲህ በሩ ተፈውሷል፣ እህቴ። የታመመው ግን ውስጥ ነው ያለው።»

ያን ዕለት ማታ እናቴ ደወለች። «ተላከ?» አለች። «ነገ ነው እማዬ» አልኳት። «የነገ ሰው ይበልሽ» አለች። መልካም ምርቃት ነበር።

ዓርብ ጠዋት እንዲሁ አለፈ። ስድስት ሰዓት ላይ ሙስሊም ባልደረቦቼ ለጁምዓ ወጡ። ቢሮው ባዶ ሆነ። ግጭቱ ግን አላቆመም፤ ሰው በሌለበት ቤት የሚጣላ ሰርቨር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ጉርሻ ሽሮ ቀምሼ አየር ለማግኘት ወደ ግቢው በር ወጣሁ። በሩ አጠገብ አያ ሁሴን ቆመዋል። ከጨፋ የመጣ የዕድሜ እኩያቸው፣ ዱላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ እየሮጠ ሊባል በሚችል እርምጃ ወደ እሳቸው ይመጣል።

ተያያዙ። እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፤ አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል፣ ሌላው የአንዱን፣ ደግሞ ይለዋወጣሉ። አፋቸው እኩል ተከፈተ። «ፈያ? ነጋ? ወሪ ፈያ? ሎን ፈያ?» ይላል አንዱ፣ ቤተሰቡን ከብቱን እየጠየቀ፤ በዚያው ቅጽበት ሌላው «አልሐምዱሊላህ፣ አንተ ፈያ? ማሽላው እንዴት ነው? የልጅቷ ወገብ ተሻላት?» ይላል። ሁለቱም ይናገራሉ፤ አንዳቸውም አያቆሙም። ስለ ማሽላው የተጠየቀው መልሱን የሰጠው እየጠየቀ ነው። አንዲት ቃል መሬት አልወደቀችም።

እኔ ቆሜ አየሁ። ሁለቱ እንዲህ የሚግባቡት ሁለቱም ይህን ደንብ ስለያዙ ነው። እኔና አያ ሁሴን የማንግባባው እሳቸው «አብረን እናውራ» ብለው፣ እኔ «በተራ» ብዬ ስለመጣሁ ነው። የሁለታችንም አፍ ደህና ነው። የሁለታችንም ጆሮ ደህና ነው። በመሐላችን ያለው አየርም ደህና ነው።

ሁለት ካርድ ቀይሬ ነበር። ኬብል ቀይሬ ነበር።

ሮጥኩ። ከሚሴ ከገባሁ ጀምሮ ስሮጥ ያዩኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አያ ሁሴን ሰላምታቸውን ሳያቋርጡ «ልጂቱ ምን ነካት?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

ካርዶች ከፋብሪካ ይዘውት በሚወጡት ጠባይ እንዲህ ያደርጋሉ፤ አዲስ ካርድ ስዊቹን «አብረን እናውራ ወይስ በተራ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ በተባለው ያድራል። መልስ ካላገኘ ትሑት ነውና «እንግዲያው በተራ ይሁን» ብሎ ይቀመጣል። ስዊቹ ደግሞ መልስ የማይሰጠው አንድ ሰው «አትጠያየቅ፤ አብራችሁ አውሩ፣ አለቀ» ብሎ በእጁ ከቆለፈው ነው። ያኔ ስዊቹ ያለማቋረጥ ያወራል፤ ካርዱ ተራ ይጠብቃል፤ ሲጀምር ይገጫል።

ስዊቹን ማን ቆለፈው?

የሥራ ማስታወሻ ደብተር አለኝ። እያንዳንዱ ገጽ ራስጌው ላይ ትንሽ መስቀል አለው። የመጀመሪያውን ዓመት ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ ተሰምሮበት እንዲህ ይላል፦ «ስዊቹ ላይ የሰርቨሩ ቀዳዳ፣ ሦስተኛው። አብሮ ማውራት፣ በእጅ የተቆለፈ። ለማሽን ፈቃድ አይተውም። ማንም እንዳይነካ።»

አስታወስኩት። ያኔ ለሁለት ማሽን የሚበጃቸውን ራሳቸው ተመካክረው ይወስኑ ብሎ መተው ግድየለሽነት መስሎኝ ነበር። ስዊቹንም የያኔውንም ካርድ በእጄ ቆልፌ፣ ሁለቱ ስለተስማሙ ዓመታት በሰላም ኖሩ። አዲሱ ካርድ ሲመጣ ግን ይህን ውል የነገረው የለም፤ እስከ ሰኞ ድረስም አጭር አጭር ደብዳቤ ብቻ ስላለፈበት ነገሩ አልታወቀም። እኔም ረስቼዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ኬብሉን፣ ካርዱን፣ ሙቀቱን፣ አይጥን ሳይቀር ስጠረጥር፣ ያልጠረጠርኩት የራሴን ጥንቃቄ ብቻ ነው።

መቆለፊያውን አነሳሁ። አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት፤ ከ«አቤቱ ማረን» ያጠረች። ሁለቱ ተጠያየቁ፣ ተስማሙ፤ ቆጣሪው ቆመ። ቆሞም ቀረ። ዘሀራን ጠራኋት። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃምሳ ነበር። የመጀመሪያው ማኅደር በደቂቃ ውስጥ ሄደ። ዘሀራ በጭብጨባ ፈንታ ጠረጴዛዬን በጥፊ መታችው።

«በይ ያንቺን አስቀድሚ!»

«በዝርዝሩ መሠረት ነው የሚሄደው።»

«ዝርዝሩን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ! ራስሽን መጨረሻ ላይ ያደረግሽው ማን አዞሽ ነው?»

ማንም አላዘዘኝም። ሰርቨር ጠባቂዋ ራሷን አስቀደመች እንዳልባል ነው። ይህ ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ የሰው አፍ ፍርሃት ነው። ሁለቱ መልካቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ እኔም እሳሳታለሁ።

ቢሆንም ጊዜው በቂ ነበር። አርባ አንድ ማኅደር፣ መቶ ደቂቃ፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ ይበቃል። አንዱን በደቂቃ እየላክሁ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ታዲያማ፣ እያንዳንዱ ማኅደር ከሄደ በኋላ በትክክል መድረሱን ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ገጽ፣ የመጨረሻውን ገጽ፣ ማኅተሙ ይነበብ እንደሆነ።

«ዲሲ! ተይው እቴ፣ ‘ደርሷል’ ይላል እኮ!» ትላለች ዘሀራ።

«ደርሷል ይበል እንጂ ተሟልቶ ይሁን አይሁን...»

«የሚልሽ ማሽኑ ነው!»

«ማሽን ደግሞ...» አልኩና አፌን ያዝኩ። ግን እጄ አላቆመም። የሠላሳ ሁለተኛው አመልካች አራተኛ ገጽ ጠማማ መስሎኝ እንደገና ላክሁት። ሲደርስ ያው ጠማማ ነው፤ ለካ ወረቀቱ ራሱ ስካን ሲደረግ ጠምሞ ነው። ሰውዬው አልማ የምትባል ልጁን ትቶ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ማኅደሩ ውስጥ ፎቶዋን አይቻለሁ። የእሱ በእኔ ቸልታ እንዲቀር አልፈለግሁም።

አርባኛው ሲሄድ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ነበር። ዘሀራ ቆማለች፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልቀመሰ ከንፈሯን እየነከሰች «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ትላለች። አርባኛውን መድረሱን ላየው እጄን ስዘረጋ እጄን በመዳፏ መታችው። የራሴን ላክሁ። ማኅደሬ ከሁሉም ወፍራም ነው፤ የአራት ዓመት ማመልከቻ ነዋ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሰማንያ ከመቶ ደረሰ፣ ዘጠና ደረሰ። ከዚያ ገጹ ነጣና አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ። የመቀበያው ጊዜ ተጠናቋል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ይላል።

ዘሀራ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች። አልተረጎመችልኝም።

አቶ ኡመር ደስ ብሏቸው ገቡ። «አርባ! ከአርባ አንድ አርባ! ሸጋ ሥራ ነው። ሌሎቹ ዞኖች ይህን ያህል አልላኩም አሉ። የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍልሻል።»

ኅሊናዬ አላስቻለኝም። «አቶ ኡመር፣ ያበላሸሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኩ። ደብተሬን ከፍቼ ቀዩን ጽሑፍ አሳየኋቸው። በጥሞና አነበቡት። መስቀሉን አዩት፣ በማስመሪያ የተሰመረበትን አዩት።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ የሚይዝ ባለሙያ በመሥሪያ ቤታችን የለም» አሉ። «ይህንንም ደብዳቤው ላይ እንጨምረዋለን። ወደ ግል ማኅደርሽም ግልባጭ ይደረጋል።» በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና፣ አይዞሽ ለማለት ፈልገው ይመስለኛል፣ «ለኛማ አላህ አቆየሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄጄ ነበር። ኃጢአቱን ምን ብዬ እንደምጠራው ግን አጣሁ። ስዊች ቆለፍኩ አይባል። በመጨረሻ «አባ፣ በማይገባ ቦታ ተጠነቀቅሁ» አልኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና «ልጄ፣ ለዚህ ቀኖና አላውቅም፤ ለጊዜው ሦስት አቡነ ዘበሰማያት በይ» አሉኝ። አራት እንዳላደርገው አስጠነቀቁኝ።

ይህን ግን አስቀድሜ ተናገርኩ እንጂ፣ ዓርብ ዕለት ከቢሮ ስወጣ ገና ስልኬን አላነሳሁም ነበር። የአዲስ አበባ-ደሴ መንገድ ላይ ባጃጆቹ ሰው ለጾም ማፍጠሪያ ሊያደርሱ እየተሻሙ ይሄዳሉ፤ ሁሉም ቴምር በፌስታል ይዟል። በመንገዱ ዳር ቆሜ ለእናቴ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው፤ ስልኩን እጇ ላይ ይዛ ነው የዋለችው።

«ምነው ድምፅሽ?» አለች፣ እኔ ገና ሳልናገር።

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«ተላከ?»

«የሌሎቹ ተልኳል።»

ከበስተኋላዋ የጎረቤት ዶሮ ይሰማል።

«ስንት ሰው ነው የተላከለት?»

«አርባ።»

«እናት ያላቸው ናቸው?»

«አላውቅም እማዬ። አብዛኞቹ ሳይኖራቸው አይቀርም።»

«እንግዲያማ ደግ ነው» አለች። ደግሞም፣ «እኔም ዛሬ ዛሬ ሳስበው መዘግየትሽ ይሻል ነበር። የጓሮዋን ክፍል ላንቺ ብዬ ባለፈው ሳምንት ሰው ይዤ አስመርጌያት ነበር። ጭቃዋ አልደረቀም። እርጥብ ቤት ገብተሽ ቢያምሽ ምን ይበጀኛል?»

ስለ ክፍሏ ያን ቀን ነው የሰማሁት። በዚያ ጉልበት ቆማ ጭቃ ስታስረግጥ፣ ሠራተኛውን «ይህችን ጥግ አልደረስክባትም» ስትል ታየኝ። በእኛ አገር በመጋቢት ፀሐይ ምርጊት በሦስት ቀን ድንጋይ ይሆናል። እኔ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «በደንብ ይድረቅ።»